የሃምቡርግ አዳራሽ፦ ጭብጨባውና ሒሳቡ

በሰሜን ጀርመኗ የወደብ ከተማ በሃምቡርግ፣ በኤልበ ወንዝ ዳር አንድ የቀይ ሸክላ መጋዘን አለ። በ1875 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የተሠራው የቀድሞው መጋዘን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተጎዳ በ1963 ፈርሶ፣ በቦታው አርክቴክት ቨርነር ካልሞርገን ይኼን ሠራ። ካካዎ፣ ሻይና ትምባሆ ይከማችበት ነበር። የኮንቴይነር ዘመን ሲመጣ ሥራ ፈታ።

አናቱ ላይ የሙዚቃ አዳራሽ ይሠራ የሚለው ሐሳብ በ2001 የመጣው ከአንድ የግል አልሚ ነው። በ2003 የስዊዘርላንዶቹ አርክቴክቶች ሄርዞግና ደ ሜሮን ማዕበል የመሰለውን የመስታወት ንድፍ ሲያሳዩ ከተማው ልቡ ተሰረቀ። በ2005 የከተማዋ ድርሻ 77 ሚሊዮን ዩሮ እንደሚሆን ተነገረ። ግንባታው በ2007 ተጀመረ፤ ምረቃው ለ2010 ተቀጠረ።

ንድፉ ግን ገና አላለቀም ነበር። ከተማዋ ከአርክቴክቶቹ ጋር ለብቻ፣ ከተቋራጩ ከሆክቲፍ ጋርም ለብቻ ተዋውላለች። ሁለቱ እርስ በርስ ውል ስላልነበራቸው፣ በተጣሉ ቁጥር መሀል ገብታ የምትከፍለው እሷው ናት። በ2011 በጣሪያው ጉዳይ ተካረው ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ። በ2013 በከንቲባው በኦላፍ ሾልዝ ዘመን (ኋላ የአገሪቱ መራሔ መንግሥት ነበሩ) አዲስ ስምምነት ተደረሰ። በመጨረሻ ከከተማዋ ካዝና የወጣው 789 ሚሊዮን ዩሮ ነው።

ገንዘቡ የት ገባ ለሚል፣ ሕንፃው ራሱ በከፊል ይመልሳል። የመጋዘኑ የውጭ ግድግዳ ብቻ ቀርቶ ሆዱ ተዘረገፈ። ለካካዎ ጆንያ በተተከሉት 1,111 የመሠረት ምሰሶዎች ላይ ከ600 በላይ ተጨመሩ። የመርከብ ጡሩምባ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ፣ 2,100 ሰው የሚይዘው ትልቁ አዳራሽ ከቀሪው ሕንፃ ተለይቶ በ362 ግዙፍ የብረት ስፕሪንጎች ላይ ተቀምጧል። ጃፓናዊው የድምፅ ባለሙያ ያሱሂሳ ቶዮታ ግድግዳውን ቅርጻቸው በሚለያይ 10,000 ገደማ የጂፕሰም ሰሌዳዎች አስለበሰው። አድማጩ ኦርኬስትራውን ከብቦ ይቀመጣል።

አዳራሹ ጥር 11 ቀን 2017 ሲከፈት በወጪውና በመዘግየቱ የተነሳው ቁጣ ሁሉ በጭብጨባ ተዋጠ። የኮንሰርት ትኬት የማይገዛውም ነዋሪ 37 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አደባባይ ወደቡን ያያል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ማማሩ ያንን 77 ሚሊዮን እውነት አያደርገውም። በእኔ ዕይታ ያ ቁጥር ድምፅ ለማግኘት የበቃ፣ ለመገንባት ግን ፈጽሞ ያልበቃ ቁጥር ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ዕቅዱ ሳይበስል ወደ ግንባታ መገባቱን ከዋነኞቹ ጥፋቶች ቆጥሮታል። በአሮጌ ሕንፃ ላይ አዲስ ለማቆም የሚነሳ ከንቲባ ሁሉ የአዳራሹን ፎቶግራፍ ከማየቱ በፊት ይህን ሪፖርት ያንብብ።