ስለ ዲጂታል ራዲዮና ስለ ሞገድ ወሰን

ርስት ወሰን እንዳለው ኹሉ፥ ድምፅ በአየር የሚጓዝበት ሞገድም ወሰን አለው። የጎረቤቱን ድንበር አልፎ የሚያርስ ሰው ጠብ እንደሚያስነሣ፥ በአሜሪካ አገር ስለ ዲጂታል ራዲዮ የተነሣው ክርክርም ከዚሁ ከወሰን ነገር የመጣ ነው። (ዓመቱ ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

በ2002 ዓ.ም. የዚያ አገር የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን ኤች.ዲ. ራዲዮ የተባለውን ሥርዐት መረጠ። ይኸውም የቀድሞውን ድምፅ ሳያስቀር ዲጂታሉን በግራና በቀኙ አያይዞ የሚልክ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሕዝቡ አሮጌውን መቀበያ አይጥልም፥ ጣቢያው አዲስ ሞገድ አይለምንም፥ አዲስ መቀበያ የገዛ ሰውም የጠራ ድምፅ ይሰማል።

ነገር ግን አንዱ የኤ.ኤም. ሞገድ ከሚቀጥለው የሚርቀው 10 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ሲኾን፥ ድርቡ ስርጭት እስከ 30 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ይይዛል። ቀን ሞገዱ ምድር ለምድር ስለሚሄድ ጉዳቱ ቀላል ነው። ሲመሽ ግን ከላይኛው አየር እየተመለሰ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ በ2007 ዓ.ም. የሌሊቱ ስርጭት ከተፈቀደ በኋላ፥ ከከተማ ርቆ የሩቅ ጣቢያ የሚያዳምጥ ሰው በቃል ፈንታ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ከኤ.ኤም. ጣቢያዎችም አያሌዎቹ ዲጂታሉን ተዉት። በኤፍ.ኤም. በኩል ደግሞ የዲጂታሉ ኀይል ከዋናው 1 በመቶ ብቻ ስለ ነበረ በቤት ውስጥ በደንብ አልሰማ አለ፤ በ2010 ዓ.ም. ጎረቤት በማይጎዳበት ስፍራ እስከ 10 በመቶ ከፍ እንዲል ተፈቀደ።

በእንግሊዝ አገር ክርክሩ ስለ ድምፅ ጥራት ነበረ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ዳብ የተባለው ዲጂታል ራዲዮ የራሱ ሞገድ ስለ ተሰጠው የኤፍ.ኤምን ወሰን አልነካም። ነገር ግን አንድ ርስት ለብዙ ወራሾች ሲከፈል የእያንዳንዱ ድርሻ እንደሚያንስ፥ በአንድ ሞገድ ላይ ብዙ ጣቢያዎች ሲታጨቁ ዜማው ተበላሸ፤ ዐዋቂዎችም ደኅና ከሚሰማ ኤፍ.ኤም. ያንሳል አሉ። ከዚያ ወዲያ የወጣው ዳብ ፕላስ በትንሽ ድርሻ የተሻለ ድምፅ ይልካል።

ኖርዌይ በ2017 ዓ.ም. አገር አቀፍ የኤፍ.ኤም. ስርጭትን ዘጋች፤ አሮጌ መቀበያ ያለው ሰው እነዚያን ጣቢያዎች ለመስማት አዲስ መግዛት ግድ ኾነበት። አሜሪካም በ2020 ዓ.ም. የወደደ የኤ.ኤም. ጣቢያ ፈጽሞ ዲጂታል እንዲኾን ፈቀደች። ይህ የወሰኑን ጠብ ያቀላል፤ አሮጌው መቀበያ ግን ከእንዲህ ያለው ጣቢያ አንድ ቃል አይሰማም።

ከዚህ ኹሉ በላይ ለባላገር የሚከብደው ነገር ይህ ነው፤ የቀድሞው ድምፅ ሲደክም እያንሾካሾከም ቢኾን ቃሉ ይያዛል፥ ዲጂታሉ ግን ሲደክም ድንገት ዝም ይላል። የዝናቡን ወሬና የእህሉን ዋጋ ከራዲዮ ለሚጠብቅ ገበሬ ከዝምታ ይልቅ የሻከረ ድምፅ ይሻለዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ነገር የሚወስን ሹም ኹሉ፥ ወሰን ሳያካልል ባለድንበሩን እንደሚጠይቅ ዳኛ፥ አስቀድሞ በሌሊት፥ ከጣቢያው እጅግ በራቀው መንደር፥ በርካሹ መቀበያ ቢያስፈትን መልካም ነው።