ያልተጠበቀ

«ያልተጠበቀ» በአማርኛ ይሆናል ተብሎ ያልታሰበን ነገር የሚገልጽ ቅጽል ነው። «ተጠበቀ» ከሚለው ግሥ በአሉታ የተገኘ ሲሆን ለሴት «ያልተጠበቀች»፣ ለብዙ «ያልተጠበቁ» ይባላል። በዜና አዘውትሮ የሚገኘው «ባልተጠበቀ ሁኔታ» በሚለው አነጋገር ነው።

«ጠበቀ» ዘብ ቆመም፣ የሚመጣን ነገር ተጠባበቀም ማለት ስለሆነ ቅጽሉ ሁለት ፍች አለው። «ያልተጠበቀ በር» ዘብ የሌለው በር ነው፤ «ያልተጠበቀ እንግዳ» ግን ይመጣል ያልተባለ ሰው። ስለ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሲነገር ሁለቱ ፍቾች ይገናኛሉ፦ በሩ ሁልጊዜ የተጠበቀ ነው፣ መፈታቱ ግን አንዳንዴ ያልተጠበቀ። የ5 ዓመት እስራቷን ሳትጨርስ ሐምሌ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ከዚያ የወጣችው የጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ መፈታት እንዲህ ያለ ነበር።

ቃሉ ከ«ድንገተኛ» ጋር ይምታታል። ድንገተኛ የሚያመለክተው ፍጥነትን ሲሆን፣ ያልተጠበቀ ለመባል ግን አስቀድሞ የተገመተ ሌላ ነገር መኖር አለበት። 18 ዓመት የተፈረደበት እስክንድር ነጋ የካቲት 7 ቀን 2010 ዓ.ም. ከቃሊቲ ሲወጣ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ እስረኞች እንደሚፈቱ ታኅሣሥ 25 ቀን ተናግረው ስለነበር ብዙዎች ይጠብቁት ነበር። ያልተጠበቀው በማግስቱ መጣ፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸውን አስታወቁ።