ጠዋት ጠዋት ወገቡን ለሚይዘው ልጅ ምን እናቅርብለት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሁዳዴ ጾም አጋማሽ፣ እህቴ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። “ድረሽልኝ፣ ልጁ ወደቀብኝ!” አለች። ቤታችን ቅርብ ለቅርብ ስለሆነ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሮጥኩ። ልጁ ፊቱ ገርጥቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። “ሰገራህ ምን ይመስላል?” አልኩት። “አክስቴ፣ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሁለት ቀኑ ነው” አለኝ። ጨጓራው እየደማ ነበር። ሆስፒታል ወስደነው፣ ደም ተሰጥቶት፣ በአምስተኛው ቀን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ይህ የእህቴ ልጅ በ24 ዓመቱ “አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይቲስ” የሚባል የአከርካሪ በሽታ እንዳለበት ሲነገረው አብሬው ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ባገኘሁት ቁጥር “ኪኒንህን እንዳትረሳ” እለዋለሁ። “ምን በልተህ ነው የምትውጠው?” ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ለካ ልጁ ጠዋት ወገቡ አልታዘዝ ሲለው ዳይክሎፌናኩን በውሃ ብቻ ውጦ ሥራ ይሄዳል። እህል የሚቀምሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ላይ “ስታርች በሽታውን ይመግበዋል” የሚል ምክር ሰምቶ እንጀራም ዳቦም ትቶ ኖሯል። ሲከሳ እያየን “ጾሙ ነው” ብለን አለፍነው።

በቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካለ የእኛን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

በሽታው ምንድን ነው?

አብዛኛው የወገብ ሕመም ከባድ ዕቃ በማንሳት ወይም በሥራ ብዛት የሚመጣ ነው፤ ዕረፍት ሲያገኝ ይሻለዋል። ይህኛው ግን ተቃራኒ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል ጠላት አድርጎ ስለሚቆጥር የአከርካሪና የዳሌ መገጣጠሚያዎች ይቆጣሉ፤ ያብጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ45 ዓመት በታች፣ በተለይ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ወገብ ይደርቃል፤ ሰውየው ሲንቀሳቀስ ይፍታታል፣ ሲተኛ ይብስበታል። ሳይታከም ብዙ ዓመት ከቆየ የአከርካሪ አጥንቶች እርስ በርስ ሊጣበቁና ጀርባው ሊጎብጥ ይችላል።

እናቶች “ብርድ መትቶት ነው” እንላለን። ሰነፍ የሚባልም ልጅ አለ። ብርድም ስንፍናም አይደለም። የዘር ዝንባሌ አለው፤ የማንም ጥፋት ግን አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ የአከርካሪ ቲቢና ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ ተመሳሳይ ሕመም ስለሚያመጡ፣ ከሦስት ወር በላይ የቆየ የወገብ ሕመም በግምት ሳይሆን በሐኪም መለየት አለበት። ዓይኑ ቀልቶ ካመመው ወይም ብርሃን ካስጠላው በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ይየው። ተቅማጥ ከተመላለሰበት ወይም ሰገራው ደም ከቀላቀለም አትቆዩ። ሁለቱም ከዚሁ በሽታ ጋር ሊመጡ ይችላሉ።

ምግብ የሚችለውና የማይችለው

ይህን በሽታ የሚያድን ምግብ የለም። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ዋናዎቹ ሕክምናዎች ሐኪም የሚያዝዛቸው መድኃኒቶችና የዕለት ተዕለት የሰውነት እንቅስቃሴ ናቸው።

ስለ ስታርች የሚወራው ከባዶ የመጣ አይደለም። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ይሠሩ የነበሩ አላን ኤብሪንገር የሚባሉ ተመራማሪ፣ ስታርች በአንጀት ውስጥ ያለ አንድ ባክቴሪያን ስለሚያበዛ በሽታውን ያባብሳል ብለው ነበር። ይሁን እንጂ ሐሳቡን የሚደግፈው ማስረጃ ደካማ ስለሆነ ለሁሉም ሕመምተኛ የሚታዘዝ ምግብ አልሆነም። የእኛ ገበታ መሠረቱ እንጀራ ነው። እንጀራን አንስቶ በቦታው ምንም አለመተካት ልጁን ማስራብ ነው። የከሳ ሰው ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ያንን ጀርባ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ደግሞ ጡንቻው ነው።

ታዲያ ምግብ ምን ይሠራል? አራት ነገር፦ ጨጓራን ከመድኃኒቱ ይጠብቃል፣ አጥንትን ያጠነክራል፣ ደምን ይተካል፣ ልብንና ክብደትን ይጠብቃል።

ኪኒን በባዶ ሆድ አይዋጥም

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲንና ኢንዶሜታሲን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። ለዚህ በሽታ በጣም ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውን ሽፋን ያሳሳሉ። ስለዚህ ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንደተበላ ይወሰዱ። ጠዋት ከሆነ አንድ ሳህን የአጃ ገንፎ ወይም ፍርፍር ይቅደም። ምግብ ብቻውን ግን ሙሉ ጥበቃ አይሰጥም። ከዚህ በፊት ጨጓራ ያመመው ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ የጨጓራ መከላከያ ሊታዘዝለት ይችላል። ከእነዚህ ሁለቱን ባንድ ላይ መውሰድ፣ ወይም አስፕሪን መደረብ፣ ጉዳቱን ያበዛል። “አንድ መለኪያ አረቄ ወገብ ያፍታታል” የሚሉም አሉ፤ አልኮልና እነዚህ ኪኒኖች ሲገናኙ ጨጓራ ይደማል። ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ ሰውነት ሲደርቅ ኩላሊትም ይጎዳል።

ጾምን በተመለከተ፣ እኔም የምጾም ነኝና ተዉት አልልም። ለልጁ የንስሐ አባቱን እንዲያማክር ነገርኩት፤ እሳቸውም ለሕመምተኛ የሚገባውን ነገሩት። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ሕመምተኛ ከጾም እንደሚፈቀድለት የታወቀ ነው። መጾም የሚፈልግና የሚችል ግን ከጾሙ በፊት ሐኪሙን “የኪኒኔ ሰዓት ይቀየርልኝ?” ብሎ ይጠይቅ። ማታ ከእራት ጋር ወይም ከኢፍጣር በኋላ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ ብዙዎችንም ለጠዋቱ ድርቀት ይረዳቸዋል። የማይሆነው በባዶ ሆድ መዋጥና ሐኪም ሳያውቅ ማቋረጥ ነው። ሰገራ ከጠቆረ ወይም ቡና አተላ የመሰለ ትውከት ከመጣ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለአጥንት

ይህ በሽታ አከርካሪውን የሚያጣብቀውን ያህል ውስጡን ያሳሳዋል። ስለዚህ በቀላል መውደቅ ሊሰበር ይችላል። አንድ አዋቂ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልገዋል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። እርጎም እንደዚያው ነው። አይብ በፕሮቲኑ ጥሩ ነው፤ ካልሲየሙ ግን ብዙው ከአጓቱ ጋር ስለሚሄድ ወተትን አይተካም።

ወተት ውድ ነው፤ በጾምም አይጠጣም። እግዚአብሔር ይስጠውና ጎመን አለ። ጎመንና ቆስጣ አንድ ይመስሉናል፤ በቆስጣ ውስጥ ያለው ካልሲየም ግን በሌላ ንጥረ ነገር ስለሚያዝ ሰውነት ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያገኘው። የጎመኑን በደንብ ይወስዳል። ጤፍም ከስንዴና ከሩዝ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ እንጀራውን አትንፈጉት። ያልተፈተገ ሰሊጥ ተቆልቶና ተፈጭቶ ወጥ ላይ ቢነሰነስ ይረዳል።

ካልሲየም ያለ ቫይታሚን ዲ በደንብ አይሠራም። እሱን በዋናነት የምናገኘው ከፀሐይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ የሚውል ልጅ ረፋዱ ላይ ወይም በምሳ ሰዓት ክንዱን ገልጦ ይራመድ፤ እንቅስቃሴውም ያስፈልገዋል። ኪኒኑን ግን ሐኪም ሳያዝዝ አትግዙ። ሕመሙ ሲብስበት ፕሬድኒሶሎን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚውጥም አለ። ለጊዜው ያስታግሳል፤ ሲቆይ ግን አጥንትን የባሰ ያሳሳል።

ለደምና ለጡንቻ

ለረጅም ጊዜ የቆየ መቆጣት ራሱ ደም ያሳንሳል፤ ጨጓራ ከደማ ደግሞ ይብሳል። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራና አተር ፕሮቲንም ብረትም አላቸው። ብረቱ በደንብ እንዲገባ ሎሚ ይጨመቅበት፤ ወይም ቲማቲምና ቃሪያ፣ ብርቱካን ወይም ዘይቱን አብሮ ይቅረብ። ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚይዙት ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ። ቡናውን አትከልክሉት፤ ሰዓቱን ብቻ አዘግዩለት። በፍስክ አንድ ሁለት እንቁላል ወይም ትንሽ ቀይ ሥጋ ይጨመር። ቡላ የተሰበረን ይጠግናል ተብሎ ይበላል፤ ኃይል ሰጪ መሆኑ እውነት ነው። ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ስለሆነ ከአይብ ወይም ከወተት ጋር ይሁን።

ለልብና ለክብደት

የዚህ በሽታ ሕመምተኞች ለልብና ለደም ሥር ሕመምም ከሌላው ሰው ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ ኪኒኖቹም የደም ግፊት ይጨምራሉ። ጨው ይቀነስ። በርበሬውና ሽሮው ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ጨው መቁጠር አትርሱ። የሚረጋውን ዘይት ትታችሁ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በልክ ተጠቀሙ። ለስላሳና ጣፋጭ ለበዓል ይቆይ፤ ከመጠን ያለፈ ክብደት ወገብ ላይ የተጫነ ጆንያ ነው።

መቆጣትን ያበርዳል የሚባለው ኦሜጋ ሦስት የሚባል ቅባት ነው። በብዛት የሚገኘው በሰባ ዓሣ ነው፤ ከምናገኘው ውስጥ የቆርቆሮ ሰርዲን ይሻላል፤ አጥንቱም አብሮ ስለሚበላ ካልሲየም ይሰጣል። ተልባ የእጽዋቱ ዓይነት አለው፤ ሰውነታችን ከእሱ ጥቂቱን ብቻ ቢለውጥም ለአንጀትም ጥሩ ነውና ይጠጣ። እርድ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ወጡ ውስጥ ይግቡ። “መድኃኒት ነው” ብሎ በማንኪያ መዋጥ ወይም የማይታወቅ ሥር ቀቅሎ ከኪኒኑ ጋር መጠጣት ግን ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሲጋራ የአከርካሪውን መጣበቅ ስለሚያፋጥን ጨርሶ ይቅር። ጫትም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል።

ስለ ጥሬ ሥጋ አንድ ነገር

በሽታው ሲበረታ የሰውነትን መከላከያ የሚቀንሱ መርፌዎች ይታዘዛሉ። ከመጀመራቸው በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው። እነዚህን የሚወስድ ሰው ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ክትፎና ያልተፈላ ወተት አይንካ። በበዓል ቀን “አንድ ቁራጭ ምን ታደርገዋለች?” የምትሉ አባቶች፣ ክትፎውን አብስሉለት፤ ቁርጡን ጥበሱለት። እናንተ ስትቀልሉለት እሱም ሳያፍር ይበላል።

መሶቡን ከፍ አድርጉለት

በመጨረሻ ያስተዋልነው ነገር ሁላችንንም አሳፈረን። ልጁ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላም ከእኛ ጋር ሲቀመጥ ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስዶ “ጠገብኩ” ይላል። አንድ ቀን እህቴ ዝም ብላ አየችው። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወደ መሶቡ ማጎንበስ አልቻለም ነበር። እጁን ዘርግቶ ከዳር ከዳር ብቻ ነው የሚቆርሰው። ይህን ለመናገር አፍሮ ነው የሚነሳው።

በማግስቱ ትሪው ወደ ጠረጴዛ ወጣ። ለእሱም መደገፊያው ቀጥ ያለ ወንበር ቀረበለት። እኛም ዙሪያውን ተቀመጥን። ያን ዕለት እናቱ ስታጎርሰው አንገቱን ማዞር አላስፈለገውም፤ ፊት ለፊቱ ነበረች።

ዛሬ ልጁ ሥራውን ይሠራል። ጠዋት ጠዋት ወገቡን ያፍታታል፤ ክብደቱም ተመልሷል። ሕመሙ ጨርሶ አልተወውም፤ አንዳንድ ጠዋት አሁንም ይይዘዋል። እኔም መደወሌን አልተውኩም። መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ስለ ኪኒኑ አይደለም፤ “ቁርስ ምን በላህ?” ነው።