ፍርሃት የሚጸናባት ጊዜ፦ የጭንቀት ሆርሞንና የእንስሳት ትምህርት

በሐይቅና በአምባሰል ገደላማ መንገድ አህያ የሚነዳ ገበሬ፣ አንድ ማታ ጅብ ያባረራት አህያ በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ እዚያው ቦታ ስትደርስ አላልፍም ብላ ብትገትር አይገረምም። አንዲት ድንጋጤ ይህን ያህል የምታስተምረው በምን ኃይል ነው? መልሱ ብዙውን ጊዜ የተፈለገው በአይጥ ላይ ነው።

አደጋ ሲመጣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ይረጫሉ። ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ደግሞ እነዚያኑ ዕጢዎች የሚያነቃቃውን ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን ይልካል፤ በደቂቃዎች ውስጥም በአህያ፣ በበግና በሰው ኮርቲሶል፣ በአይጥና በዶሮ ኮርቲኮስቴሮን በደም ይበረክታል። ተመራማሪው ሀንስ ሴልዬ የሰውነትን የጭንቀት ምላሽ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲገልጽ ስለ ትምህርት አላነሳም ነበር።

ያንን በር ከከፈቱት አንዱ የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ዳቪድ ደ ቪድ ነው። በሙከራው ድምፅ ሲሰማ አይጡ ወደ ሌላው የሳጥኑ ክፍል ካልተሻገረ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። ፒቱታሪው የወጣለት አይጥ ይህን መማር ይከብደዋል፤ ኤሲቲኤች ሲሰጠው ይማራል። የሚያስደንቀው ግን ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች የማያነቃቃ የኤሲቲኤች ቁራጭ ብቻ ሲሰጠውም መማሩ ነው፤ ሆርሞኑ በቀጥታ አንጎል ላይ ይሠራል ማለት ነው። ንዝረቱ ከቀረም በኋላ ኤሲቲኤች ሽሽቱን ያቆየዋል፣ ኮርቲኮስቴሮን ግን ቶሎ እንዲተው ያግዛል። በዚህ መስክ ከተገኘው ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጣል፤ አንድ ጭንቀት ፍርሃትን የሚያቆይም የሚያስተውም ሆርሞን ያፈልቃልና።

በአሜሪካ ጄምስ መጎ እና ባልደረቦቹ የጊዜን ጉዳይ ፈተሹ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ከትምህርቱ በኋላ ወዲያው የተሰጠ መጠነኛ አድሬናሊን ትውስታን አጸና፤ ከ2 ሰዓት በኋላ የተሰጠው ግን ፋይዳ አልነበረውም፤ ከልክ ሲያልፍም ጥቅሙ ጠፋ። አድሬናሊን በቀላሉ ወደ አንጎል አይዘልቅም፤ መልእክቱን የሚያደርሰው ቫገስ የተባለው ነርቭ ነው። ከዚያ ኖራድሬናሊን አሚግዳላ በተባለችው የአንጎል ክፍል ይፈስና ትምህርቱ ይተከላል። ኮርቲኮስቴሮን ግን የተማሩትን ለማስታወስ ሲሞክሩ ከደረሰ ያደናቅፋል።

ከቤተ ሙከራ ውጭም፣ በአማራ ክልል በሰሜን ተራሮች የጭላዳ ዝንጀሮ የጭንቀት ሆርሞን ከዓይነ ምድሩ ተለክቷል፤ መጠኑም በወቅትና በከፍታ እንደሚቀያየር ታይቷል። እንስሳውን ሳይዙ መለካት መቻሉ ትልቅ እመርታ ነው። በደቡብ ወሎው በቦረና ሳይንትም ጭላዳ አለ፤ ማሽላ ከሚጠብቅ ወንጭፍ ጋር የሚጋፈጥ ዝንጀሮ ምን እንደሚማር በዚሁ መንገድ ቢጠና ደስ ይለኛል።

ለገበሬው የሚረባው ቁም ነገር አሁንም አለ። በፈራችበት ቦታ አህያዋን መደብደብ በዚያችው የምትጸና ጊዜ ላይ ሌላ ድንጋጤ መጨመር ይመስለኛል። ረጋ ብሎ ደጋግሞ ያለ ጉዳት ማሳለፍ ይሻላል። ያኔም የቀድሞው ፍርሃት አይፋቅም፤ አዲስ ትምህርት ይደረብበታል፤ ስለዚህ ከወራት በኋላ ድንገት ቢመለስባት ዕልኸኛ አትባል።