ሳይገድል ሞት የተፈረደበት ሐኪም

ዶክተር ሪቻርድ ኪምብል የሕፃናት ሐኪም ነው። ሚስቱ ተገድላ በተገኘች ጊዜ አንድ እጅ የሌለው ሰው ከቤቱ ሲሸሽ ማየቱን ቢናገርም የሚያምነው አጣና ሞት ተፈረደበት። ወደ መገደያው ሲወሰድ ግን ባቡሩ ከሐዲዱ ወጣ፤ እርሱም አመለጠ።

«ዘ ፊውጂቲቭ»፣ ማለት «ኮብላዩ»፣ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ እንዲህ ይነሣል። ከ1963 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. በ120 ክፍሎች ታይቷል። ኪምብል በየከተማው ስሙን እየለወጠ፣ በቀን ሥራ እያደረ፣ ያን እጀ ቆራጣ ይፈልጋል፤ የፖሊስ መቶ አለቃ ጄራርድ ደግሞ እርሱን።

ነገሩ እብናት ላይ ቢሆን ኖሮስ? እንግዳ ሰው ገበያ ብቅ ሲል «አገርህ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነህ?» መባሉ አይቀርምና በሐሰት ስም ሳምንት መክረም እንኳ ጭንቅ ነበር። በቀድሞው በጌምድር ፍርድ የጎደለበት ሰው ጠመንጃውን አንሥቶ «ዱር ቤቴ» ይላል፤ ስንቁን ዘመድ ያቀብለዋል። ኪምብል ግን ጠመንጃ የለው፣ ዘመዱም ሩቅ ነው። ይባስ ብሎ የታመመ ባየ ቁጥር አልፎ መሄድ አይሆንለትም፤ እንደኔ እንደኔ የድራማው ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያጋልጠው ሐኪምነቱ ነውና።

በመጨረሻው ክፍል እጀ ቆራጣው ኪምብልን ሊገድል ሲል ተኩሶ የጣለው ያው አሳዳጁ ጄራርድ ነው። ኪምብል ነጻ በወጣ ዕለትም ለሰላምታ እጁን ቀድሞ የዘረጋለት እርሱ ነበር።