ነጥብና ሰረዝ በነጋዴ ቤት

ንግድ በእምነት የሚቆም ሥራ መሆኑን አንባቢዎቼ ሁሉ ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ገዥ የሻጩን ልብ ከፍቶ ለማየት ስለማይችል፣ የሚያምነውም የሚጠራጠረውም በዐይኑ በሚያየው ነገር ነው። በገበያችን ስንዴ የሚሸምት ሰው ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም፤ አንድ እፍኝ ዘግኖ፣ እፍ ብሎ፣ በጥርሱም ሰብሮ አይቶ በዚያች እፍኝ የጆንያውን ሙሉ ይፈርዳል። ለነጋዴ ጽሕፈቱ እንደዚያች እፍኝ ነው። በሱቁ ግንባር የተሰቀለው ሰሌዳ፣ በዕቃው ላይ የተለጠፈው ዋጋ፣ ደረሰኙና የዱቤ መዝገቡ ባለቤቱ ዝም ባለ ጊዜ ሁሉ ስለ እርሱ ይናገራሉ።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ ባሰብኩ ጊዜ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከተሞች የተሰቀሉትን ሰሌዳዎች እየቆምኩ ማንበብ ጀመርኩ። ከእነዚህም በአንዱ «አዲስ ጫማ ልብስ ቦርሳ አለ» የሚል አገኘሁ። አዲስ የሆነው ጫማው ብቻ ነውን፣ ወይስ ልብሱም ጭምር? ልባሽ ጨርቅ በሚሸጥበት ገበያ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ባለ ሱቁ «አዲስ፦ ጫማ፣ ልብስ፣ ቦርሳ» ቢል ኖሮ ሁሉም አዲስ መሆኑ በታወቀ፤ «አዲስ ጫማ፤ ልብስና ቦርሳ» ቢል ደግሞ ገዥ ልብሱን መርምሮ በገዛ ነበር። እንደ ተጻፈው ግን አዲስ ልብስ ፈልጎ የገባ ሰው ልባሹን ባየ ጊዜ ተታለልኩ ብሎ ይወጣል። ሻጩ ምንም አላታለለም፤ ሆኖም የወጣው ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በገንዘብ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የግእዝ አኀዝ ዜሮ የለውም፤ አሥሩም፣ መቶውም የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው ፻ የትም ቢቀመጥ መቶነቱን አይለቅም። ዛሬ በምንጠቀምበት አኀዝ ግን ዋጋውን የሚሰጠው ቦታው ነው። ስለዚህም 12.50 ነጥቡ ቢጠፋ 1250 ይሆናል።

በመንደራችን ያየሁትን ልናገር። ንባብ የማያውቁ አንዲት እናት ከአንድ ሱቅ በዱቤ ይወስዱ ነበር። ባለ ሱቁ ወጣት ነው፤ ሚዛኑም ትክክል መሆኑን ሁሉ ይመሰክርለታል። አንድ ቀን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃቸው መዝገቡን ብታነብላቸው ተጽፎ የተገኘው «ጨው 2 50 ሳሙና 3 90 ዘይት 1 300» የሚል ሲሆን፣ ሰረዝም ቅንፍም አልነበረበትም፤ በቁጥሮቹ መካከል ያለውም ክፍት ቦታ ጠባብ ነበር። ልጅቱ እንዳየችው ጨው 250፣ ሳሙና 390፣ ዘይት 1300 ብላ አነበበች። ይህ ሲደመር 1940 ብር ነው። ከሥር የተጻፈው ድምር ግን 440 ነበር።

ወጣቱ «እማማ፣ ሁለት ጨው ሃምሳ ብር፣ ሦስት ሳሙና ዘጠና ብር፣ አንድ ሊትር ዘይት ሦስት መቶ ብር ማለቴ ነው» ብሎ አስረዳ። እውነቱንም ነበር። እርሳቸው ግን «ልጄ፣ የታችኛው እውነት ከሆነ የላይኛው ምንድን ነው? እኔ በሌለሁበት ቀን የታችኛውን ከላይኛው ጋር የሚያስተካክል ሰው ቢነሣስ?» አሉት። በዚያን ቀን ዕዳቸውን ከፈሉ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከዚያ ሱቅ ሲገዙ አላየሁም። ብዙ ሰው የነጥብ ስሕተት የሚያስቆጣው የተማረውን ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን ይበልጥ የሚጎዳው ያልተማረውን ነው እላለሁ፤ የተማረው ገምቶ ያቃናዋል፣ ያልተማረው ግን በልጁ አፍ የሰማውን ይዞ ይቀራል።

ጽሕፈትን በምልክት ማጥራት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው የቤተልሔም አገር ናት። በድጓው ፊደላት ላይ የሚቀመጡት ደቃቅ ምልክቶች፣ ማለት ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ሂደት፣ ርክርክና የቀሩትም፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተዘጋጁ ይነገራል። አንዷ ምልክት ብትዘለል ዜማው ይለወጣልና መምህሩ ዝም ብሎ አያልፍም። በቤተልሔም የተመሰከረለት ሰው በሩቅ አገር ሄዶ ያለ ጥርጥር ተቀባይነት የሚያገኘውም ስለዚህ ጥንቃቄ ነው፤ እርሱን የማያውቁት ሰዎች ቤተልሔምን ያውቃሉ። ነጋዴ የሱቁ ስም እንዲታመን የሚፈልገው እንደዚሁ አይደለምን?

በውጭ አገርም የታየ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብ ቤት «ቴይለርና ልጁ» የተባለው ኩባንያ እንዲዘጋ መታዘዙን ሲመዘግብ፣ በስሕተት በካርዲፍ ከተማ በሚገኘው «ቴይለርና ልጆቹ» ስም ላይ ጻፈው። በእንግሊዝኛ ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ይህ የምህንድስና ድርጅት ምንም ሳያጠፋ ዕቃ አቅራቢዎቹ በዱቤ መስጠትን አቆሙ፤ ደንበኞቹም ሸሹ። መዝገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢታረምም ወሬው ቀድሞ ስለ ተሰራጨ፣ ከ250 በላይ ሠራተኞች የነበሩት ድርጅት በዚያው ዓመት ወደቀ። በ2015 ፍርድ ቤት መዝገብ ቤቱን ተጠያቂ አደረገው፤ የሸሹትን ደንበኞች ግን ፍርድ አይመልሳቸውም። ይህ የፊደል ነገር ነው ለሚል ሰው፣ በአሜሪካ የሜይን ክፍለ ግዛት ከሕግ አንቀጽ ውስጥ አንድ ነጠላ ሰረዝ በመጉደሉ አንድ የወተት ድርጅት ከሾፌሮቹ ጋር ተከራክሮ በ2018 አምስት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱን እጠቅሳለሁ።

እርግጥ ነው፣ ጎረቤታችን የሆነውን ነጋዴ በሰሌዳው አንመዝነውም፤ አባቱን እናውቃለን፣ ሚዛኑንም ለብዙ ዓመት አይተነዋል። ፊቱን አይተነው የማናውቀው ነጋዴ ሲሆን ግን ጽሕፈቱ ብቻ ይቀርብልናል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በገጠርም ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ ከዚህም ጋር የአጭበርባሪዎች መልእክት በዝቷል። ሰዎች እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ከሚያዩት አንዱ አጻጻፉ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ነጋዴ በአራት ነጥብ ፈንታ የእንግሊዝኛ ነጥቦችን ደራርቦ፣ ስሙንና ዋጋውን አጣብቆ የላከው መልእክት ሳይነበብ ይጣላል። በአንጻሩ አሳምሮ የሚጽፍ አጭበርባሪ መኖሩን መርሳት አይገባም፤ ትክክለኛ ሰረዝ የታማኝነት ምስክር ወረቀት አይደለምና።

ሕግ አውጪዎችም አኀዝ ብቻውን እንደማይታመን ዐውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት በቼክ ላይ በአኀዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ ቢለያይ በፊደል የተጻፈው ይጸናል። በዱቤ መዝገብም እንዲሁ «ሳሙና፣ 3 ፍሬ፣ 90.00 (ዘጠና ብር)» ብሎ መጻፍ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በክረምት ዕረፍት ለነጋዴዎች ሰሌዳ የምትጽፉ ጓደኞቼ፣ ቀለሙን ከመንከራችሁ በፊት ባለ ሱቁን «ልብሱም አዲስ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰሌዳ ጻፊ በፊደል ቁጥር ሲያስከፍል ሰምቻለሁ፤ ለነጠላ ሰረዝ ዋጋ የጠየቀ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።