የእጅ ፍሬኑ የት ይሁን?

ባለፈው ክረምት እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም አቅራቢያ የሚኖረው ልጄ ዘንድ ሦስት ወር ሰንብቼ ነበር። የሄድኩት ምራቴ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አምስት ዓመት የሞላውን የልጅ ልጄን እንድይዝላት ነው። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ልጄ እጄን ይዞ ወደ ጋራዡ ወሰደኝ። ያየሁት ጎማ የሌለው፣ የብረት አልጋ የመሰለ ነገር ነው። "እማዬ፣ መኪና እየሠራሁ ነው" አለኝ። "ያቺ የገዛሃትስ ምን ሆነች?" አልኩት።

ኪት ካር ይሉታል። ሻንሲው፣ አካሉ፣ ብሎኑ ሳይቀር በሣጥን ይመጣል፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን ብዙዎች ከአሮጌ መኪና ያወጡታል፤ መገጣጠሙ የባለቤቱ ሥራ ነው። እንግሊዞች በዚህ የቆዩ ናቸው። ኮሊን ቻፕማን ሎተስ ሰቨን የተባለችውን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ መኪና እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያወጣ ብዙ ሰው በክፍልፋይ ይገዛት ነበር፤ ምክንያቱም ተገጣጥሞ በሚሸጥ መኪና ላይ ይጣል የነበረው የግዢ ታክስ በክፍልፋይ የተሸጠውን አይነካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 መብቱ ወደ ካተርሃም ኩባንያ ዞረ፤ የእሷን መልክ የያዙ መኪኖች እስከ ዛሬ በየሰው ጋራዥ ይሠራሉ። የልጄም ከዚያው ዘር ናት። ዝቅ ያለች፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሰው እንደ ገንዳ እግሩን አንስቶ የሚገባባት።

እኔ ነርስ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ማታ ማታ ግን ሻይ ይዤ ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ልጄ የእጅ ፍሬኑን ማንሻ በእጁ ይዞ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እያስቀመጠ ሲያሰላስል አገኘሁት። ተገጣጥሞ በሚገዛ መኪና ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው መልሶልናል። ቮልስ ላይ በሁለቱ የፊት መቀመጫዎች መካከል ነው፤ አሮጌ ሂሉክስ ላይ ከዳሽቦርዱ ሥር ተስቦ የሚወጣ እጀታ ነው፤ በአንዳንድ መርሴዲስ በግራ እግር ይረገጣል። በቤት ለሚሠራ መኪና ግን ወሳኙ ሠሪው ነው።

ልጄ የጓጓው ለእሽቅድምድም መኪና ዓይነት ማንሻ ነበር። እሱን ተለመደው የሚለየው ቁልፉ ነው። የተለመደው ሲሳብ በጥርሱ ራሱ ይይዛል፤ ለመልቀቅ ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል። የእሽቅድምድሙ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁልፉ የሚጫነው ለማስያዝ ነው፤ ለመልቀቅ ግን ሳብ ማድረግ ይበቃል፤ ብድግ ብሎ ይለቃል። "ፈጣን ነው" አለኝ። እኔ የታየኝ አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ እጅ ነው።

ምክንያት አለኝ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት፣ በአንድ የገጠር ከተማ ሆስፒታል ሌሊት ተረኛ ሳለሁ፣ የአራት ዓመት ልጅ ጭኗ ተሰብሮ መጣች። ታላቅ ወንድሟ ተዳፋት ላይ በቆመች ቮልስ ውስጥ ሹፌር ሹፌር ሲጫወት ማንሻውን አወረደው፤ እሷ ከኋላ ነበረች። አባትየው "እንዴት ቻለ? ስቤው ነበር" እያለ ራሱን ይደበድባል። የሆስፒታሉ ሾፌር ሄዶ አይቶ ሲመለስ ነገሩን አስረዳኝ። ጠንክሮ የተሳበ ማንሻ ጥርሱ በጭነት ስለሚነክስ፣ ትንሽ ወደ ላይ ካልሳቡት በስተቀር ቁልፉ አይጫንም፤ ለሕፃን ጉልበት ይከብዳል። ያ ግን ገመዱ ረዝሞ፣ ማንሻው በግማሽ የተሳበ ነበር፤ በአንድ ጣት ይለቃል። ልጅቱ በገመድና በክብደት ተጎትታ ሳምንታት ተኛች። ዳነች፤ አንድ እግሯ ግን ትንሽ አጠረ።

ይህንን ለልጄ ነገርኩት። ዝም ብሎ የእሽቅድምድሙን ማንሻ መደርደሪያው ላይ መለሰው።

ቦታው ግን ገና አልተወሰነም። አንዱ አማራጭ እንደ ጥንቶቹ ሰቨኖች ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በተሳፋሪው በኩል ማድረግ ነበር። እግር ላይ አይቆምም፣ ውበትም አይነካ። ነገር ግን ሹፌሩ ቀበቶውን ካሰረ በኋላ ጎንበስ ብሎ መድረስ ይቸገራል፤ እጀታው ደግሞ የልጁ ጉልበት ላይ ይሆናል። ደንቡም ሹፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ ማስያዝ መቻል አለበት ይላል። ሁለተኛው ከሹፌሩ በስተውጭ፣ በመቀመጫውና በአካሉ መካከል ነው። ከልጁ ይርቃል፤ እኔ መጀመሪያ ለዚህ ነበር የወገንኩት። ነገር ግን ቦታው ሁለት ጣት እንኳ አያሳልፍም፤ ሰው እግሩን አንስቶ ሲገባ ጭኑን የሚወጋ ብረት ይሆናል። የቆሰለ ጭን ስንት ጊዜ ሰፍቻለሁ! ተውኩት።

የቀረው መሃል ነው፤ ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ የሸፈነው ሣጥን ላይ። ገመዱ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል፤ መጠምዘዝ ሲያንስ መያዝም መበላትም ይቀንሳል። ጥንቃቄው ከሥር ያለው ዘንግ ላይ ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚሽከረከር ብረት ገመዱን ከነካው ቆርጦት ያድራል፤ ስለዚህ መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ የኋላው አክስል ከፍ ዝቅ ሲልም እንዳይገናኙ መታሰር አለበት። ሣጥኑን የሸፈነው ላሜራም ስስ ነው፤ ማንሻው የሚታሰረው በላሜራው ሳይሆን ከሻንሲው ጋር በተበየደ ወፍራም ብረት ላይ ነው። ገመዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ ቁራጭ ብረት አለ፤ ለግራና ለቀኝ ጎማ እኩል ያካፍላል። ይህ ሁሉ ከዘይት ፍሬኑ የተለየ ነው፤ ዘይቱ ቢፈስ ገመዱ ይይዛል።

የተከራከርነው በሳንቲ ሜትር ነው። ልጄ ማንሻውን ወደ ፊት ማምጣት ፈለገ። በመጥረጊያ እንጨት ቁራጭና በካርቶን ምሳሌውን ሠርተን ተቀመጥንበት። እሱ ከተቀመጠ ችግር የለም። እኔ ስቀመጥ ግን ማርሹ ወደ ኋላ ሲሳብ የጣቴ አንጓ ከእጅ ፍሬኑ ጫፍ ጋር ይጋጫል። ምራቴ የክረምት ካፖርቷን ለብሳ፣ ቀበቶ አስራ ሞከረች፤ እሷ ደግሞ "እማማ፣ ይዩት፣ ክርኔ ወደ ኋላ መሄጃ የለውም" አለችኝ። ወደ ኋላ ከገፋነው መሳብ ይከብዳል፣ ወደ ፊት ካመጣነው ይጋጫል።

ጉልበቱን በተመለከተ ልጄ ቁጥሩን ነገረኝ። በአውሮፓ በሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ የቤት መኪና የእጅ ፍሬን የተጫነ መኪና በ20 በመቶ ተዳፋት ላይ፣ ማለትም በ100 ሜትር 20 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ማቆም አለበት፤ የሚፈልገውም የእጅ ጉልበት ከ400 ኒውተን፣ ወደ 40 ኪሎ ገደማ፣ መብለጥ የለበትም። 40 ኪሎ! ጤፍ ተሸክመን ያደግን ሰዎች ነን፣ ግን በአንድ እጅ፣ ተቀምጦ፣ ያውም በግራ። እንግሊዝ አገር ሹፌር በቀኝ ስለሚቀመጥ የእጅ ፍሬን የሚሳበው በግራ እጅ ነው። የእኔ ግራ አንጓ ሪህ አለበት።

መፍትሔው ማንሻው ራሱ ውስጥ ነው። ከማጠፊያው እስከ እጅ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከማጠፊያው እስከ ገመዱ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እጅ የሳበው በስድስት ይባዛል። በሽተኛ ሲነሣ ክንዱን ሳይሆን ትከሻውን እንደምንደግፈው ማለት ነው። ስለዚህ ማንሻውን 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወሰድነው፤ ያጣነውን ጉልበት እጀታውን በማስረዘም መለስነው። ከመሃል ትንሽ ወደ ሹፌሩ ጎን አስጠጋነው፤ ቁልፉም ከልጁ በተቃራኒ እንዲዞር ሆነ። ልጁ አይደርስበትም ማለት አይደለም። በስሕተት ግን አይነካውም።

መኪናዋ ቆማ ስትጨርስ ከመንግሥት ምርመራ በፊት ቤታቸው አጠገብ ያለው ዳገት ላይ ሞከርናት። ልጄ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አድርጎ ከጎኗ ቆመ፤ የልጅ ልጄ ከእናቱ ጋር አጥሩ ውስጥ ሆኖ ያያል። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ማርሹን ዜሮ አደረግሁ፣ በግራ እጄ ሳብኩ። አራት ጥርስ ቆጠርኩ። ልጄ ታኮውን በእግሩ ገፋ አደረገው፤ መኪናዋ ከታኮው ላይ አልተደገፈችም። ቁልፉን ልጫን ስሞክር እምቢ አለኝ፤ ትንሽ ወደ ላይ ስስበው ነው የለቀቀው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የሰፈራችን ልጆች የሚጫወቱበት ተዳፋት ላይ የሚቆሙ መኪኖችን ሳይ አሁን ጎማቸውን አያለሁ። ወደ ጠርዙ የዞረ፣ ማርሽ ውስጥ የገባ መኪና ገመዱ ቢበጠስም ሩቅ አይሄድም። ባለቤቶቹን ስንት ጥርስ ይስባል ብዬ እጠይቃለሁ፤ ይስቁብኛል። አንዱ ጎረቤቴ ግን ሄዶ አስጠበቀው፤ ዘጠኝ ይስብ ነበር።

ልጄ ባለፈው ሳምንት ደውሎ ምርመራውን እንዳለፈ ነገረኝ። ታኮዋን ግን ከመኪናዋ አላወጣትም፤ የልጅ ልጄ ቀይ ቀለም ቀብቷታል።